ከሸክላ ማጫወቻ እስከ አምፕሊፋየር፦ ስለ ገመዱ ከመወሰንዎ በፊት

ከኮምቦልቻ ለጻፉልን ወንድማችን። ጥያቄዎን ላላነበቡት አባላት ባጭሩ ልድገመው፦ ከአባትዎ የቀሩትን በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ሸክላዎች ለመስማት ሸክላ ማጫወቻ አስመጥተዋል፤ ሲዲ ማጫወቻዎና የዲሽ ሪሲቨርዎም በዚያው በቆየው አምፕሊፋየር ላይ ተሰክተዋል፤ ሸክላ ሲያጫውቱ ግን ከዘፈኑ ሥር ዝቅ ያለ የማጉረምረም ድምፅ አልጠፋ ብሎዎታል። አንድ ወዳጅዎ «ከኦክስጅን ነጻ በሆነ መዳብ» የተሠራና የአምፕሊፋየሩን ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ ገመድ ከውጭ ላስመጣልዎ ስላሉ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ብለው ጠይቀዋል።

መልሴ ይቅርብዎ ነው። ይህን የምለው ግን ገመድ ሁሉ አንድ ነው ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። ደሴ ላይ አምፕሊፋየርና ቴፕ ስጠግን፣ ለራሴና ለወዳጆቼም የድምፅ ገመድ ስበይድ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያረጋገጥሁት፣ የገመድ ጥራት የሚሰማበት ቦታና የማይሰማበት ቦታ ለየቅል መሆኑን ነው። በእርስዎ ቤት ካሉት ሦስት ጥንድ ገመዶች መካከል ምርጫው በጆሮ ሊለይ የሚችለው በአንዱ ላይ ነው፤ እርሱም ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣው ነው። እዚያም ቢሆን ለውጥ የሚያመጡት የገመዱ ርዝመት፣ የመሐሉን ሽቦ የሚከበው ሽፋን ጥልፍልፍና ካፓሲታንሱ (በሽቦውና በሽፋኑ መካከል ቻርጅ የማጠራቀም ባሕርዩ) ናቸው እንጂ የመዳቡ ንጽህና አይደለም።

ቀላሉን ላስቀድም። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት የሚደርስ ሲግናል ይልካል፤ የመውጫው ኢምፔዳንስም (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ኦም አይበልጥም፤ አምፕሊፋየሩ በበኩሉ ከ10,000 እስከ 50,000 ኦም በሚሆን መግቢያ ይቀበለዋል። ገመዱ በመካከላቸው ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ቢኖር በካፓሲታንሱ ምክንያት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያላቸውን ድምፆች መቀነስ ነው። እስቲ የከፋውን እንውሰድ፦ መውጫው ሙሉ 1,000 ኦም ቢሆን፣ ገመዱም 2 ሜትር የሚረዝምና በሜትር 150 ፒኮፋራድ (የካፓሲታንስ መለኪያ ነው) ያለው ተራ ገመድ ቢሆን፣ ሲግናሉ በ3 ዴሲቤል የሚቀንሰው 530 ኪሎኸርዝ ገደማ ላይ ነው። የሰው ጆሮ፣ ያውም የልጅ ጆሮ፣ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው። ስለዚህ ለሲዲ ማጫወቻውና ለሪሲቨሩ አሁን ያሉት ገመዶች ውስጣቸው ካልተበጠሰና ጃካቸው ካልላላ አይንኳቸው።

ሸክላ ማጫወቻው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስ የተለመደው ዓይነት ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን የያዘውና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ የሚያመነጨው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ ይህም ሲዲ ማጫወቻው ከሚልከው በ400 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ይህን ትንሽ ሲግናል ሲያጎላ በመንገድ የገባበትንም ማጉረምረም አብሮ ያጎላዋል። ከዚህም በላይ በካርትሪጁ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ተዳምሮ የራሱን ሬዞናንስ፣ ማለትም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ድምፁን ከሌላው አጉልቶ የማውጣት ጠባይ፣ ይፈጥራል። ለምሳሌ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ጥቅል 550 ሚሊሄንሪ ነው፤ አምራቹም ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ባለው ጭነት እንዲሠራ ይመክራል። በዚህ ቁጥር ውስጥ የሚደመሩት በክንዱ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ፣ ገመዱና የአምፕሊፋየሩ የፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ) መግቢያ ሁሉም ናቸው። ድምሩ 150 ፒኮፋራድ ሲሆን ሬዞናንሱ 17.5 ኪሎኸርዝ ገደማ ላይ ያርፋል፤ አይጎዳም። ገመዱ ረዝሞ ወይም ዓይነቱ ከፍቶ ድምሩ 400 ፒኮፋራድ ሲደርስ ግን ወደ 10.7 ኪሎኸርዝ ይወርዳል፤ በዚያ አካባቢ ድምፁ ጉብታ ይሠራና ከዚያ በላይ ያለው ቁልቁል ይወርዳል።

ይህ በቁጥር ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። በአምባሰል ቅኝት የምታዜም ድምፃዊት «ስ» ወይም «ሽ» ያለበትን ቃል ስታወጣ ፊደሉ እንደ ፉጨት ተስሎ ጆሮ ይወጋል፤ የማሲንቆው ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ለስላሳ ሻካራነት ደግሞ ይደርቃል፤ በአንጻሩ ከጽናጽሉ በኋላ የሚንሳፈፈው አየር ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሸክላው አርጅቷል» ይላል። አርጅቶ ሊሆንም ይችላል፤ ነገር ግን ረጅሙን ገመድ በአጭርና ካፓሲታንሱ ዝቅተኛ በሆነ ገመድ ተክቼ የዚያኑ ሸክላ ድምፅ ሲለሰልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡትን የመሰሉ የዚያ ዘመን ሸክላዎች ካሉዎት ይህ ጥንቃቄ ይገባቸዋል፤ ዳግመኛ እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉምና።

አሁን ወደ ማጉረምረሙ ልምጣ፤ ምክንያቱም ገንዘብዎን ሊያስወጣዎ የተነሣው እርሱ ነው። መንሥኤውን ሳያውቁ ገመድ መቀየር ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ግድግዳውን እንደ መቀባት ነው። መጀመሪያ ከሸክላ ማጫወቻው ጀርባ ከሁለቱ የድምፅ ጃኮች ጋር አብራ የምትወጣውን፣ ጫፏ እንደ ሹካ የተከፈለውን ቀጭን ሽቦ ይፈልጉ። ይህች ሽቦ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ጂኤንዲ» (GND፣ መሬት ማለት ነው) ተብሎ በተጻፈበት ብሎን ሥር መጥበቅ አለባት። እኔ ዘንድ ስለ ማጉረምረም ከመጡት ሸክላ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ የተፈወሱት በዚህች ብሎን ነው፤ አንዳንዴ ሽቦዋ ጭራሽ አልታሰረችም፣ አንዳንዴ ታስራ ብሎኑ ዝጓል።

ሽቦዋ በደንብ ታስራም ድምፁ ካልጠፋ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ክንዱን ብቻ በእጅዎ ይዘው መርፌው ሸክላውን ሳይነካ ከዳር ወደ መሐል ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ማጉረምረሙ ከቦታ ቦታ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ካርትሪጁ የአምፕሊፋየሩን ትራንስፎርመር መግነጢሳዊ መስክ እየቀዳ ነው። የመዳብ ሽፋን የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክን ስለማይከለክል በዓለም ያለ ውድ ገመድ ይህን አያስቆመውም፤ መድኃኒቱ ሸክላ ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሥቶ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በየቤቱ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ የተለመደ ስለሆነ ይህን በተለይ ይመልከቱ።

ይህም ካልሆነ ወደ ዲሹ እንሄዳለን። የዲሹ ገመድ የውጭ ሽፋን በጣሪያው ላይ ካለው ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ብረቱም በቆርቆሮው ወይም በግድግዳው በኩል መሬት ይነካል። ሪሲቨሩ ደግሞ በድምፅ ገመዱ አማካይነት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተገናኝቷል፤ አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል ሌላ መሬት ካለው በሁለቱ መካከል ቀለበት ተፈጥሮ በድምፅ ገመዱ ሽፋን ላይ የማይፈለግ ከረንት ይዞራል። 1 ሚሊአምፔር ብቻ፣ ሽፋኑና ጃኩ ተዳምረው 1 ኦም በሆኑበት ገመድ ውስጥ ሲያልፍ 1 ሚሊቮልት ይፈጥራል። የካርትሪጁ ሲግናል 5 ሚሊቮልት መሆኑን ሲያስቡ፣ እንዲህ ያለው ከረንት የሸክላ ማጫወቻውን መንገድ ካገኘ ምን እንደሚያደርገው ይገባዎታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፣ ሪሲቨሩን ያጥፉ፣ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይፍቱት፣ ከዚያ ድምፁን ወደ ነበረበት ይመልሱ። ማጉረምረሙ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በሸክላ ማጫወቻውና በዲሹ መካከል ግንኙነት ያለ ስለማይመስል ብዙዎች ይህን አይሞክሩትም።

መፍትሔው በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚሰካ፣ ድምፁን እያሳለፈ የሽፋኖቹን ግንኙነት የሚቆርጥ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ነው። በዲሹ ገመድ ላይ የሚገጠም ተራ የአንቴና ማግለያ እንዳይገዙ፤ ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ወደ ኤልኤንቢው (በዲሹ ፊት ወዳለው መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ፣ ይህን ኃይል የሚያግድ ማግለያ ሲገባ ዲሹ ይጠፋል። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በወጣ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ብዙ ጊዜ ይረዳል። ነገር ግን ማጉረምረሙን ለማጥፋት ብለው የሶኬቱን የኧርዝ እግር እንዳይቆርጡ፣ ኧርዙንም እንዳያላቅቁ አደራ እላለሁ። በ220 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ውስጡ ቢበላሽ ሰውን የሚያድነው ያ ሽቦ ነው።

እንግዲህ ለሸክላ ማጫወቻው ገመድ የሚመርጡ ከሆነ የሚከተለውን ይመልከቱ። ከ1 ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሽፋኑ የመዳብ ጥልፍልፍ ይሁን፤ በርካሽ ገመዶች ውስጥ ጥቂት ቀጫጭን ክሮች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተጠምዝዘው ያገኛሉ፤ ገመዱ ሲታጠፍ ክሮቹ ይከፈታሉ፣ በክፍተቱም ጫጫታ ይገባል። ለመለካት ቴስተር ይበቃል፦ መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካክተው የራሳቸውን ኦም ይመዝግቡ፣ ከዚያ ከአንዱ ጃክ የውጭ ቀለበት እስከ ሌላው ጃክ የውጭ ቀለበት ለክተው ያንን ይቀንሱ። ቀሪው ከ0.1 ኦም ያልበለጠ ገመድ በእኔ ዘንድ ጥሩ ነው፤ ሲያወዛውዙት ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያምር አይግዙት። ጃኩ መግቢያውን ጨብጦ የሚይዝ ይሁን፤ ተጋድሎ የሚወጣ ከመጠን በላይ የጠበቀም ከአሮጌ አምፕሊፋየር ጀርባ መግቢያውን ነቅሎ ሊወጣ ስለሚችል ጥሩ አይደለም።

እኔ ራሴ የምበይደው ለሲሲቲቪ ካሜራ በሚሸጠው አርጂ-59 ገመድ ነው። በደሴም በኮምቦልቻም የካሜራ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በሜትር ቆርጦ ይሰጥዎታል። ካፓሲታንሱ በሜትር 67 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሆነ ለካርትሪጅ ተስማሚ ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ስም ይዘው የሚሸጡት ሁሉ አንድ አይደሉምና ሱቁ ውስጥ ጫፉን አስልጠው ይመርምሩት። የጥልፍልፉን አንድ ክር በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ የመሐሉ ሽቦ ማግኔት ከሳበው ደግሞ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ጥልፍልፉ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ሶልደር በአግባቡ አይዝም፣ ቢይዝም ቆይቶ ሊለቅ ይችላል። የዲሽ ገመድ፣ ማለትም አርጂ-6፣ ካፓሲታንሱ በሜትር 53 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሆነ በወረቀት ላይ ይበልጣል፤ ነገር ግን ጥልፍልፉ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ግትርነቱም ጃኩን ይጎትታል፤ ስለዚህ አልመክረውም። ሲበይዱ ፈጥነው ይሥሩ፤ በመሐል ያለው ፕላስቲክ ሙቀት ሲበዛበት ይቀልጥና የመሐሉ ሽቦ ከሽፋኑ ጋር ይነካካል።

ስለ ኦክስጅን ነጻው መዳብ ብዙ አልልም። ተራው የኤሌክትሪክ መዳብ ራሱ 99.9 በመቶ ንጹሕ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የማስተላለፍ ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህንንም 1 ሜትር ገመድን በ1 ሳንቲ ሜትር በማሳጠር ያገኙታል። በአንዳንድ ገመድ ላይ የሚታየው ቀስት ግን ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት የውስጥ ሽቦ ባላቸው ገመዶች ሽፋኑ በአንድ ጫፍ ብቻ ይታሰራልና ቀስቱ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲያመለክት አድርገው ይሰኩት።

ወዳጅዎ ውዱን ገመድ ለሙከራ የሚያውሱዎ ከሆነ ግን ይቀበሉና ይሞክሩት። ሌላ ሰው የትኛው እንደተሰካ ሳይነግርዎ የሰካውን እየመዘገበ ደጋግሞ ይቀያይርልዎ፤ እርስዎ የሰሙትን ይጻፉ፤ በመጨረሻ ከእርሱ መዝገብ ጋር ያስተያዩት። ከሲዲ ማጫወቻው ጋር ይህን ሙከራ ካደረጉት ወዳጆቼ መካከል በእርግጠኝነት የለየ አላገኘሁም።

ጥቂት ነገር ልጨምር። የድምፅ ገመዶቹን ከኤሌክትሪክ ገመዶች ጋር አንድ ላይ አይጠቅልሏቸው፤ መገናኘታቸው የማይቀር ከሆነ ተሻግረው ያልፉ ዘንድ ያድርጉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ተንቀሳቃሽ ስልክዎን ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ አያስቀምጡ፤ በ2ጂ ኔትወርክ ሲደወል የሚሰማው ትርትርታ በዚያ ደካማ ሲግናል ውስጥ በቀላሉ ይገባል። እኛ ከጦሳ ሥር ያለነው በክረምት ጭጋጉና እርጥበቱ ጃክ ስለሚያዝግብን በየጊዜው በአይሶፕሮፒል አልኮል እንጠርጋለን፤ እናንተ ዝቅ ብላችሁ ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ ብትሆኑም ጃኮቹን በዓመት አንዴ በመግቢያቸው ውስጥ ማዟዟር አይከፋም።

ለገመዱ ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለመርፌ ያውሉት። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ካጫወተ በኋላ መርፌ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ያገለገለ ማጫወቻ ከሆነ ያመጡት መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ ማወቅ አይቻልም፤ ያለቀ መርፌም የአባትዎን ሸክላ ጎድጎዶች ይፍቃል፣ የተፋቀውም አይመለስም። እስኪቀየር ድረስ እነዚያን ሸክላዎች ባያጫውቷቸው እመርጣለሁ።

የካርትሪጅዎን ስምና የአምፕሊፋየርዎን ሞዴል ቢጽፉልን፣ በፎኖ መግቢያው ላይ ያለውን ፒኮፋራድ አይቼ ገመዱ ስንት ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንደሚሻል አስልቼ እነግርዎታለሁ።