«አርኤንኤ ምንድን ነው?» ላልሽው፦ 24 ብልቃጥ ያስከፈለኝ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በአርኤንኤ ላይ ነው። ከዲኤንኤ በምን ይለያል? በሴል ውስጥስ ምን ይሠራል? አማካሪዬ ‹ተጠንቀቂ› ብቻ ይለኛል» ብለሻል። የእኔም አማካሪ ያለኝ ይህንኑ ነበር። ከምን እንደምጠነቀቅ ግን አልነገረኝም፤ ዋጋውን ከፍዬ ነው ያወቅኩት። የሴልን ነገር ከመጀመሪያ ዲግሪሽ ታውቂዋለሽ ብዬ ዘልዬዋለሁ። የምትሠሪውም በቅጠል ላይ ነው ብዬ ይዣለሁ። በተራ ቁጥር ልሞክር።

1ኛ. አርኤንኤን «የዲኤንኤ ቅጂ» ብለሽ አትለፊው። ዲኤንኤ እንደ መሬት አስተዳደር ዋና መዝገብ ነው፤ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። የሚወጣው ለአንድ ጉዳይ የተጻፈ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚቀደድ ደብዳቤ ነው። መልእክተኛ አርኤንኤ የሚባለው ያ ደብዳቤ ነው። በባክቴሪያ ውስጥ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በእኛ ሴል ውስጥ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ቶሎ መጥፋቱን እንደ ጉድለት አትቁጠሪበት። ሴሉ ትናንት «ይህ ፕሮቲን ይሠራ» ብሎ ያዘዘውን ዛሬ ማቆም የሚችለው ደብዳቤው ስለሚቀደድ ነው። የሽምብራ ሥርና ቅጠል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያዩትም የሚጻፍላቸው ደብዳቤ ስለሚለያይ ነው። እኔ የማጠናው ሽምብራ ውኃ ሲጠማው የትኞቹን ደብዳቤዎች እንደሚያበዛ ነበር። እንደ ኤችአይቪና ኮሮና ባሉ ቫይረሶች ደግሞ መዝገቡ ራሱ አርኤንኤ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ሲለካ የሚቆጠረውም እሱ ነው።

2ኛ. ከቅጠልሽ የምታወጪው አርኤንኤ በሙሉ ደብዳቤ እንዳይመስልሽ። መልእክተኛው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። አብዛኛው፣ 80 በመቶ ገደማ፣ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦሶምን የሚያቆመው አርኤንኤ ነው። ከዚያ ደግሞ አሚኖ አሲዶችን (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ጡቦች) ተሸክሞ የሚያቀርበው አጓጓዡ አለ። መልእክቱ የተጻፈው በአራት የኬሚካል ፊደላት ነው፣ ሦስት ሦስት ፊደል ሆኖ ይነበባል፤ ከ64ቱ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት 61ዱ ለ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች የተመደቡ ናቸው፣ 3ቱ «እዚህ ላይ አቁም» ይላሉ። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል ግን አንዱ ፈታኝ «ራይቦሶም ውስጥ አሚኖ አሲዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ማን ነው?» አለኝ። «ፕሮቲን ነዋ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። አዳራሹ ዝም አለ። የሚያያይዘው አርኤንኤው ራሱ ነው። ፕሮቲኖቹ ዙሪያውን ደግፈው ይይዛሉ እንጂ ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው። የራይቦሶምን አወቃቀር ላሳዩት ለአዳ ዮናት፣ ለቶማስ ስታይትዝና ለቬንካትራማን ራማክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ጉዳይ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አንቺን እንዳይጠይቁሽ አልልም፤ ይጠይቁሻል።

3ኛ. ጓንትሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። በጣታችን ቆዳ ላይ አርኤንኤን የሚቆራርጡ ኤንዛይሞች (ሥራ የሚሠሩ ፕሮቲኖች) አሉ። ይህን ይዤ አምስት ፓኬት ጓንት ልጠይቅ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሰልፍ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት «ቀዶ ጥገና ልትሠራ ነው እንዴ?» አለኝ። ከክፍሌ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ፤ አስመታሁ። በመጨረሻ አንድ ፓኬት ሰጠኝ፣ እሱንም ሰው እያየ። እኔም ለመቆጠብ ብዬ ጓንቱን በአልኮል እያበስኩ ደጋግሜ ለበስኩት። አልኮል እነዚህን ኤንዛይሞች እንደማይገድላቸው ያወቅኩት በኋላ ነው።

4ኛ እያልኩ ልቀጥል ነበር፤ ግን ዋናው ነገር እዚህ ጋር ስለመጣ ቁጥሩ ይቅር።

በግሪን ሀውስ ሽምብራ አብቅዬ፣ ግማሹን ውኃ ከልክዬ፣ ከ24 ተክሎች አርኤንኤ አወጣሁ። በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ስለካው፣ በ260 እና በ280 ናኖሜትር ሞገድ የሚመጠው ብርሃን ንፅፅር 1.98 ወጣ። ንጹሕ አርኤንኤ 2 አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ እንዴት ያለ ደስታ! ለአማካሪዬ ቁጥሮቹን አሳየሁ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ብልቃጦቹን በደረቅ በረዶ አሽጌ፣ የጥናት ገንዘቤን ግማሽ ያህል ከፍዬ፣ ፊደሉ እንዲነበብ ውጭ አገር ላክኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በኢሜይል መልስ መጣ፦ ሁሉም ተቆራርጧል። የአርኤንኤ ሙሉነት ከ1 እስከ 10 ይለካል፤ እነሱ ቢያንስ 7 ይፈልጋሉ። የእኔ ከ3 የዘለለ አልነበረም። ገንዘቡም አይመለስም።

ስህተቴን ልንገርሽ። ያ መሣሪያ የሚለካው ፈሳሹ ከፕሮቲን መጽዳቱን ነው። ገመዱ ሙሉ ይሁን የተበጣጠሰ እሱ አያውቅም፤ የተቀደደ ደብዳቤም ቢመዘን ያው ወረቀት ነውና። ሙሉነቱን የሚያሳየው ጄል ነው፤ አርኤንኤው በኤሌክትሪክ እየተገፋ በርዝመቱ ወደ መስመሮች የሚለይበት ዝልግልግ ንጣፍ ማለት ነው። ጄል ለመሮጥ አንድ ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ «ቁጥሩ ካማረ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ተውኩት።

ማን ቆራረጠው? ለወራት ያን የግምጃ ቤት ሰውዬ ስረግመው ኖርኩ። በኋላ አንዲት የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ «ፒፔቶቹን ከማን ጋር ነው የምትጋራው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ የምንቀዳባቸውን ማለቷ ነው። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ዲኤንኤ የሚያወጡ ልጆች ነበሩ። እነሱ ደግሞ አርኤንኤ እንዳይቀላቀልባቸው አርኤንኤዝ ኤ የሚባለውን ኤንዛይም ሆን ብለው ይጨምራሉ። እኔ በዚያው ፒፔት የእኔን አርኤንኤ እቀዳለሁ! ሰውዬውን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ስለ ቀዶ ጥገናው ገና አልረሳሁለትም።

ከዲኤንኤ በምን ይለያል ያልሽው እዚህ ላይ ነው የሚገባሽ። መጽሐፉ ቲሚን በሚባለው ፊደል ፈንታ ዩራሲል የሚባል አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ነጠላ ገመድ ነው ይልሻል፤ እውነት ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ገመዱ በተሠራበት ስኳር ላይ ያለው አንድ ትርፍ ኦክስጅን ነው። ኤንዛይሙ ገመዱን የሚበጥሰው ያንን ኦክስጅን ተጠቅሞ ነው፤ ዲኤንኤ ስለሌለው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ምንም ሳይሆን ይውላል። ኤንዛይሙ ደግሞ አይበገሬ ነው። በአራት የሰልፈር ድልድዮች የታሰረ ስለሆነ ቢፈላ እንኳ ሲበርድ ተመልሶ ይታጠፍና ሥራውን ይቀጥላል። አውቶክሌቭ (በሞቃት እንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው ማሽን) ውስጥ አስገብቻለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሠራሁት። የራሴን ፒፔቶች ከሌላ ክፍል ተውሼ በቀይ ፕላስተር ምልክት አደረግኩባቸው፤ የነካቸውን ሁሉ ተጣልቻለሁ። ሙቀጫና ዘነዘናውን በ180 ዲግሪ ሌሊቱን አጋልኩ። ውኃውን ኤንዛይሙን የሚያሰናክለውን ዲኢፒሲ የሚባል ኬሚካል 0.1 በመቶ ጨምሬ አሳድሬ፣ ኬሚካሉ እንዲጠፋ አውቶክሌቭ አደረግኩት (መርዛማ ስለሆነ ጭስ መሳቢያው ሥር ሥሪ፤ ትሪስ የሚባለው የአሲድነት ማመጣጠኛ ባለበት ፈሳሽ ላይ ደግሞ አይሠራም)። ቅጠሉን በረዶ አድርጌ የምፈጭበትን ፈሳሽ ናይትሮጅን የለመንኩት ለከብት ማዳቀያ ከሚያመርቱት ሰዎች ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ማኅተም አልጠየቁኝም። ቅጠሉ ተፈጭቶ ማውጫው ፈሳሽ እስኪገባበት ድረስ እንዳይቀልጥብሽ። ጓንት በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። በዚያ ዙር የ22ቱ ውጤት ከ8 በላይ ሆነ፤ የውጤቱ ወረቀት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«24 አልነበሩም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ጄሉን መጀመሪያ ስሮጥ መጽሐፉ እንደሚለው የራይቦሶም አርኤንኤ ሁለት ግልጽ መስመር ጠበቅኩ። አራት አምስት ሲሆንብኝ «ይኸው እንደገና ተቆራረጠ!» ብዬ ሁለቱን ብልቃጥ በንዴት ደፋኋቸው። ለካ የአረንጓዴ ቅጠል ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሴሉ አረንጓዴ ክፍል) የራሱ ራይቦሶሞች አሉት፤ ተጨማሪዎቹ መስመሮች የእነሱ ናቸው። ሁለቱ ብልቃጦች ደኅና ነበሩ። ስለዚህ ያንቺም ጄል መስመሩ ቢበዛብሽ ከመድፋትሽ በፊት ፎቶውን እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።