የአጎቴ ልጅ አሮጌ ሪቮልቨር ሊሸጥልኝ ነው፤ ልግዛው?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ስለሚሠራ ለቤት ጥበቃ ሽጉጥ ልገዛ አስቤአለሁ። እስከ ዛሬ መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሞዴል 10 የሚባል አሮጌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር (ጥይት ጎራሹ የሚሽከረከር ሽጉጥ) አለው፤ «በ400 ዶላር ውሰጂው» ይለኛል። ለጀማሪ ያገለገለ ሪቮልቨር ይሆናል? ደኅና መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆናል። በጠመንጃ ጥገና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያ ሽጉጡን ለሚመርጥ ሰው ስጠቁም የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ባለ አራት ኢንች በርሜል፣ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ፣ ሙሉ ብረት የሆነ ስድስት ጎራሽ። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ስለሚጠጋ ሲተኮስ ክንድ አያስደነግጥም። በኪስ የሚያዙት ትንንሾቹ ለሴት ይመቻሉ የሚሉ ሻጮች አሉ፤ አይስሟቸው። ቀላል ሽጉጥ አብዝቶ ይራገጣል፤ ጀማሪውም ልምምዱን ይጠላዋል።

የሞዴል 10 ዘር ከ1899 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። የአሜሪካ ፖሊሶች በ1980ዎቹ ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ እስኪዞሩ ድረስ በወገባቸው ታጥቀውት ኖረዋል። ስለዚህ በገበያው ላይ ብዙ ጊዜ ታጥቀውት ጥቂት ጊዜ የተኮሱበት ይገኛል። የአፈሙዙ ጥቁር ቀለም በአፎቱ ተፍቆ ቢያዩ አይከፉ፤ ውስጡ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር ልምጣ። የአጎትዎ ልጅ ሽጉጡን በእጁ ሊሰጥዎ አይችልም። በአገራችን መሣሪያ ከአባት ለልጅ፣ ከዘመድ ለዘመድ በእጅ መተላለፉ የኖረ ልማድ ነው። እዚህ ግን በሁለት ግዛቶች የሚኖሩ ሁለት ግለሰቦች ሽጉጥ በቀጥታ ቢሸጣጡ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሽጉጡ በሜሪላንድ ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሄድ አለበት፤ እርስዎም ቅጹን ሞልተው፣ የጀርባ ታሪክዎ ተጣርቶ፣ የሰባት ቀን መጠበቂያው አልፎ ከእርሱ ይረከባሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሜሪላንድ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የጣት አሻራና የአራት ሰዓት ሥልጠና አለው። ዕድሜ 21 የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ የሕግ እገዳ ከሌለበት፣ ማመልከት ይችላል። «በእኔ ስም ልግዛልሽ» የሚል ዘመድ ቢመጣ እንቢ ይበሉት። ከ2022 ወዲህ ለሌላ ሰው የሚሆነውን መሣሪያ ለራስ አስመስሎ መግዛት እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ በጎ አሳቢ ዘመድ ለእስር ሲዳረግ ማየት ልብ ይሰብራል።

ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ ፍተሻው የእርስዎ ነው። ሪቮልቨርን የምወደውም ለዚህ ነው፤ ሕመሙን በዓይንና በጣት ማወቅ ይቻላል። አስቀድመው ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፍተው ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያ ይዝጉትና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዘው፣ ሲሊንደሩን በአንድ ጣት በስሱ ገታ እያደረጉ መምቻውን፣ ማለትም ከኋላ ወጣ ብሎ የሚታየውን መዶሻ መሰል ብረት፣ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡት። መምቻው ተስቦ ከመቆሙ በፊት ሲሊንደሩ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ዘግይቶ የሚቆልፍ ከሆነ ጉድጓዱ ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም ጥይት ሊተኮስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የእርሳስ ፍንጣሪ በጎን በኩል ይረጫል። ይህን በስድስቱም ጉድጓድ ላይ ይድገሙት፤ አምስቱ ደኅና ሆነው ስድስተኛው የሚያታልልበት ጊዜ አለ። መምቻው እንደተሳበ ከኋላው በአውራ ጣት ገፋ ያድርጉት። ቃታው ሳይነካ ከወደቀ ሽጉጡን መልሰው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፤ ጉዳዩ አበቃ።

ከዚያ መምቻውን ቀስ ብለው ይመልሱ፤ ሲሊንደሩን ዳግም ከፍተው፣ ባዶነቱን አይተው፣ ነጭ ወረቀት ከበርሜሉ ኋላ ይዘው በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጠቆር ያለ ቀለበት ከታየ፣ ጥይት ውስጥ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበት ብረቱ አብጧል ማለት ነው። በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ 0.25 ካለፈ እኔ አልገዛውም። ነጋዴው መለኪያ ስስ ብረት አያጣም፤ ይጠይቁት። የጎኑ ብሎኖች ጥርስ ተበልቶ ካዩም ውስጡን ያልሠለጠነ እጅ ጎርጉሮታል ብለው ይጠርጥሩ።

ልጆችዎን አልረሳሁም። በአሮጌው ሞዴል 10 ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ የደኅንነት ቁልፍ የለም። ቃታው እንዲሁ ሲሳብ ከባድ ነው፤ መምቻው አስቀድሞ ከተሳበ ግን በትንሽ ጣት ይተኮሳል። ስለዚህ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን የታሰረ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ሽጉጡ ቤት ከመግባቱ በፊት ይግዙ። መሳቢያም፣ ፍራሽ ሥርም፣ የቁም ሣጥን አናትም ቦታው አይደለም። ልጆች ሁሉንም ያውቁታል። በቤቱ ውስጥ በድባቴ ያለ ሰው ካለም መሣሪያው አሁን አይግባ። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነፍሳቸውን ራሳቸው ያጠፉ ናቸው። 988 በሚባለው ለተጨነቀ ሰው በተዘጋጀ የስልክ መስመር ደውሎ በማንኛውም ሰዓት ሰው ማነጋገር ይቻላል።

400 ዶላሩ፣ ሽጉጡ ፍተሻውን ካለፈ፣ ደኅና ዋጋ ነው። ለነጋዴው የዝውውር ክፍያ፣ ለፈቃዱ፣ ለሥልጠናው፣ ለሣጥኑና ለመለማመጃ ጥይት ግን ሌላ ገንዘብ ይያዙ። በርሜሉ ውስጥ ያ ጥቁር ቀለበት ከታየ ለዘመድዎ በደግ ቃል ይንገሩትና በ100 ዶላርም ቢሆን አይውሰዱት፤ እርሱም ከእንግዲህ እንዳይተኩስበት አደራ ይበሉት።