መጀመሪያ ዳይፖሉን ስራ፣ ኢንድ ፌዱ ይደርሳል

ወንድሜ ጥያቄህ «ለ40 እና ለ20 ሜትር ባንድ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ የሽቦ አንቴና ልሰራ ነው፣ ኢንድ ፌድ ይሻላል ወይስ ዳይፖል» ነው አይደል (ለማያውቅ፣ 40 እና 20 ሜትር የሚባሉት የአማተር ሬድዮ የ7 እና የ14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገዶች ናቸው፣ ኢንድ ፌድ ከአንድ ጫፉ፣ ዳይፖል ከመሀሉ የሚመገብ የሽቦ አንቴና ነው)። አብዛኛው ሰው ኢንድ ፌድ ብሎሃል፣ እኔ ግን የመጀመሪያህ ከሆነ ዳይፖል ነው የምልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

እኔም የጀመርኩት በኢንድ ፌድ ነው። አንዱን ጫፍ ዛፍ ላይ ሰቅለህ ሌላውን ሬድዮው አጠገብ ማድረግ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይቀላል ብዬ። ነገሩ ግን የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ኢምፔዳንስ (ለሬድዮ ሞገዱ ያለው ተቃውሞ) 2,500 ኦም አካባቢ ስለሆነ ሬድዮው ወደሚፈልገው 50 ለማውረድ 49 ለ 1 ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ላይ አንድ ቢጫ ቶሮይድ (ሽቦ የሚጠመጠምበት ቀለበት) ነቅዬ እሱ ላይ 2 ዙር በ14 ዙር ጠመጠምኩበት። ኤስ ደብልዩ አሩ (ምን ያህል ኃይል ወደ ሬድዮው ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1 ለ 1 ሲሆን ምንም አይመለስም) መጥፎ አልነበረም፣ ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ በ5 ዋት ስጣራ ዋልኩ፣ መልስ የለም። ወደ 50 ዋት ስጨምረው ቶሮይዱ በእጅ አልነካ አለ። ለካ ያ ቢጫው የብረት ዱቄት ኮር ነው፣ ለዚህ ስራ የሚሆነው 43 ሚክስ የሚባለው ፌሪት ነው፣ ኃይሌን ሁሉ ሙቀት እያደረገ ሲበላብኝ ነው የዋለው። ኤስ ደብልዩ አር ዝቅ አለ ማለት አንቴናው ይሰራል ማለት አይደለም እኮ፣ ደሚ ሎድም (በአንቴና ፋንታ ተሰክቶ ኃይሉን ሁሉ ሙቀት የሚያደርገው መሞከሪያ) 1 ለ 1 ያሳይሃል።

ዳይፖል ላይ ትራንስፎርመር ስለሌለ እንዲህ የሚሸውድህ ነገር ያንሳል። መሀሉ ላይ በኮአክስ (መሀሉ ሽቦ፣ ዙሪያው የብረት ሽፋን ያለው የአንቴና ገመድ) ትመግበዋለህ፣ ሁለት ሽቦ ግራና ቀኝ፣ በቃ። ርዝመቱ 143ን በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፣ ለ7.1 ጠቅላላ 20.1 ሜትር፣ ለ14.2 ደግሞ 10 ሜትር ገደማ። ሁለቱንም ባንድ ከአንድ ሽቦ ለማግኘት በየጎኑ 5 ሜትር ላይ ትቆርጠውና የምትሰካና የምትነቀል ማያያዣ ታደርግበታለህ፣ ስትነቅለው 20 ሜትር ባንድ፣ ስትሰካው 40። ግን ጉተናው ማያያዣው ላይ እንዳይወድቅ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ቆርጠህ ሽቦውን በሱ አስረው፣ እኔ ይሄን ንቄው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይነቀልብኝ ነበር።

ሽቦው ማንኛውም ለስላሳ ባለብዙ ክር መዳብ ይሆናል፣ የስፒከር ገመድ ለሁለት ሰንጥቀህም ትችላለህ። ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከስሌቱ ትንሽ አጥሮ ነው ልክ የሚመጣው፣ ቢሆንም አስረዝመህ ጀምር፣ ማሳጠር መቼም ይቻላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ አስተካክል የምልህ በምትጠቀምበት ከፍታ ላይ ሰቅለህ ነው። እኔ ሽቦውን ወገቤ ከፍታ ላይ ወጥሬ ለክቼ በደስታ ቆረጥኩት፣ 8 ሜትር ላይ ስሰቅለው ሬዞናንሱ (አንቴናው ልክ የሚመጣበት ፍሪኩዌንሲ) ወደ ላይ ሸሸብኝ፣ መሬት ሲቀርበው ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ይላላ፣ ስለዚህ የቆረጥኩትን መልሼ ስበይድ ዋልኩ። ደግሞ መጀመሪያ ማያያዣዎቹን ነቅለህ 20ን ጨርስ ከዛ 40ን፣ ምክንያቱም የውስጠኛው ሽቦ ለሁለቱም ያገለግላል፣ በኋላ ከነካኸው 40 እንደገና ይበላሻል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ጠቅላላ 20.6 ሜትር ሽቦህ ዝቅተኛውን ኤስ ደብልዩ አር 6.95 ላይ ካሳየህና 7.1 ከፈለግክ 20.6ን በ6.95 አባዝተህ ለ7.1 አካፍል፣ 20.17 ይመጣል፣ ስለዚህ ከየጎኑ 22 ሳንቲሜትር ገደማ። እሱንም ወዲያው አትቁረጠው፣ መልሰህ እጠፈውና ራሱ ላይ ጠምጥመህ እየው። ናኖ ቪ ኤን ኤ (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የአንቴና መለኪያ) ካለህ የአስር ደቂቃ ስራ ነው፣ ከሌለህ የሬድዮው ሜትር ይበቃል፣ ኃይሉን ግን ዝቅ አድርገህ።

ዘንጉን በተመለከተ፣ የሚዘረጋ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጠቀማለሁ፣ ፋይበርግላስ መሆኑን ግን አረጋግጥ፣ ካርቦን ከሆነ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንቴናህን ያበላሻል። መሀሉን ከፍ ጫፎቹን ዝቅ አድርገህ እንደ ተገለበጠ ቪ ትወጥረዋለህ፣ አንድ ዘንግ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ለብቻህ ታቆመዋለህ። በመሀል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ እንዳይጠብ። ጫፎቹ ላይ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል ሰው እጅ የሚደርስበት አታድርጋቸው፣ የመብራት ሽቦ ካለበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ራቅ፣ ነጎድጓድ ከሰማህም አውርደው።

ከመሀሉ ስር ቾክ አድርግበት፣ እንደ አርጂ 316 ያለ ቀጭን ኮአክስ 43 ሚክስ ፌሪት ላይ 12 ዙር ያህል ብትጠመጥም ይበቃል፣ ያለበለዚያ የኮአክሱ ሽፋን ራሱ አንቴና ይሆንና ኮአክሱን በነካህ ቁጥር ንባቡ ይቀያየርብሃል። ኮአክስ አጭር ይሁን፣ 10 ሜትር ካስፈለገህ አርጂ 58 ያዝ፣ አርጂ 174 ይቀላል ግን ብክነቱ ከእጥፍ በላይ ነው።

8 ሜትር ላይ ሰቅለህ በ40 ሩቅ አገር ካልመጣልህ አንቴናው ተበላሸ እንዳትል፣ ለዚያ ባንድ ዝቅ ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ወደ ላይ ነው የሚልከው፣ ቀን ላይ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ላሉት በጣም ጥሩ ነው። ሩቁን በ20 ሞክር። በ40 ርዝመቱ 21 ሜጋኸርዝ አካባቢም ስለሚሰራ 15 ሜትር ባንድ በነፃ መጣልህ ማለት ነው።

ስትጠቀልለው በክብ አታድርገው፣ በ8 ቁጥር ቅርፅ ፕላስቲክ ላይ ጠምጥመው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቱን ጠዋት ቋጠሮ ስፈታ አሳልፌያለሁ።