ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ለበረዶ ሲዘጋጅ ቁመቱ ከየት ይምጣ?

የጠያቂያችን መኪና በኋላ ጎማ የሚነዳ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ቁመቱ የሚስተካከል ርካሽ ኮይልኦቨር (ሞላውና የሞላውን መንቀጥቀጥ የሚያበርደው አሞርዛተር አንድ ላይ የተገጠሙበት ዕቃ) ገጥመው ዝቅ አድርገውታል። በረዶ መጣል ሲጀምር የፊት ፓራውልቱ እንደ አካፋ እየዛቀ ስላስቸገራቸው፣ ጠያቂያችን የሞላውን መቀመጫ ቀለበት አዙረው መኪናውን በ35 ሚሊሜትር ከፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ከጉብታ ሲወርዱ «ቋ» የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል፤ መታጠፊያ ላይም የኋላው ክፍል በድንገት ይከዳቸዋል። ጥያቄያቸው የአየር ሞላ ይሻላል፣ ረጅም ሞላ፣ ወይስ ከሞላው ሥር የሚገባ ወፍራም ቀለበት የሚል ነው።

ድምፁ የሚሰማው ጉብታውን ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ መሆኑ ለእኔ በቂ ምልክት ነው። የላላ ጁንቶ (መጋጠሚያ) ወይም ያለቀ ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ላስቲክ) ቢሆን ኖሮ በሁለቱም አቅጣጫ ያንኳኳ ነበር። ስለዚህ የአሞርዛተሩ ዘንግ እስከ ጫፉ ተስቦ ወጥቶ ውስጡ ካለው ማቆሚያ ጋር እየተጋጨ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ እንደቆመ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፤ ከዚያም የፊቱን ሁለት ጎማዎች አብረው አንሥተው እንደተንጠለጠሉ እንደገና ይለኩ። አንዱን ብቻ ካነሡ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው የስታቢላይዘር ዘንግ ጎማውን ስለሚይዘው ልኬቱ ያሳስትዎታል። ለኋላውም እንዲሁ ያድርጉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር፣ በተለይ መሬቱ በረዶ ከያዘ፣ እጅም ቢሆን አይግባ።

ልዩነቱ ከ20 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጥፋቱ ተገኝቷል። ይህን ነጥብ ሰው ሁሉ ስለሚዘለው ጥቂት ልዘርዝረው። አሞርዛተር የተወሰነ ጉዞ አለው፤ የእርስዎ 110 ሚሊሜትር ነው እንበል። መኪናው ሲቆም ክብደቱ ሞላውን ስለሚጫነው ጉዞው ለሁለት ይከፈላል፤ ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት 60፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት 50 ይሆናል። ቀለበቱን በ35 ሚሊሜትር ከፍ ሲያደርጉት የአሞርዛተሩ ርዝመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ክፍፍሉ ብቻ ነው። ወደ ላይ 95 ይኖርዎታል፣ ወደ ታች ግን 15 ብቻ ይቀራል። ጎማው ከ15 ሚሊሜትር በላይ መውረድ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ አየር ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት ሌሎቹ ጎማዎች ይሸከሙታል፤ በበረዶ ላይ ግን ጎማ መሬት የሚይዘው በጥቂቱ ስለሆነ፣ አንዱ ለቅጽበት ክብደቱን ሲያጣ ኋላው ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ የሚከዳዎትም ይኸው ነው። እኔ ከጠቅላላው ጉዞ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ወደ ታች እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ቀለበቱን ወደ ነበረበት አቅራቢያ ይመልሱትና ቁመቱን ከሌላ ቦታ ይፈልጉ። ቀዳሚው ምንጭ ጎማ ነው። አሁን ያለው 255/35 (ስፋቱ 255 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ) ባለ 19 ኢንች ከሆነ፣ 225/55 ባለ 17 ኢንች የክረምት ጎማ ዲያሜትሩ በ18 ሚሊሜትር ያህል ይበልጣል፤ መኪናው የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 9 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ጠበብ ያለው ጎማ በረዶውን ቆርጦ ይገባል፣ ከፍ ያለው ጎኑም ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን ያድናል። ባለ 17 ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል) ማለፉን ግን ሳይለኩ አይግዙ።

ከሞላዎቹ ምርጫዬ የፋብሪካው ሞላና አሞርዛተር ነው። ኮይልኦቨር የግድ ከሆነ፣ ሞላው ሳይነካ የታችኛው አካል በጥርስ ተዘውሮ ጠቅላላ ርዝመቱ የሚለወጥበትን ዓይነት፣ ለስለስ ካለ ሞላ ጋር ይምረጡ። ርካሾቹ ቀለበቶች ጨው በተነሰነሰ መንገድ ላይ አንድ ክረምት ከነዱ በኋላ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃሉ፤ በመዶሻና በመሮ ተደብድበው ጥርሳቸው የተበላሸ ስንቱን አይቻለሁ። ከሞላው ሥር የሚገባው ወፍራም ቀለበት ከአሁኑ ችግርዎ አያወጣዎትም፤ የሚያደርገው እርስዎ ቀለበቱን በማዞር ያደረጉትን ነው። የአየር ሞላም ጥሩ ማድረቂያ ከሌለው በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበት በረዶ ሆኖ ቫልቮቹን ይዘጋል።

ቁመቱ በተለወጠ ቁጥር የጎማውን አላይመንት ያስተካክሉ፣ የፊት መብራቱንም አቅጣጫ ይመልከቱ። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን የብረት እጆች ጎሚኒ የሚያስሩት ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። የቀድሞው ጠጋኝ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቆት ከሆነ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ስለሚሠራ ቶሎ ይቀደዳል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በየሳምንቱ ይገጥመኛል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦውም ጎማው ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ ያረጋግጡ።

የጎማ ሰንሰለት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በኮይልኦቨሩ የታችኛው መቀመጫና በጎማው ውስጠኛ ጎን መካከል ያለውን ክፍተት ይፈትሹ፤ ሰንሰለት የፍሬን ቱቦ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ሰንሰለቱን አስረው፣ የታሰረው የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይጠምዝዙና ጎማውን በእጅዎ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ያን ጊዜም መኪናው በመቆሚያ ላይ ይሁን እንጂ በክሪክ ላይ አይሁን።