ፔዳሉን ከመግዛታችሁ በፊት አምፑን ተመልከቱ

ውድ ወጣቶች፣

የኤሌክትሪክ ጊታራችሁን ድምፅ የሚያሸክረውን የእግር መሣሪያ፣ የመጀመሪያውን የዲስቶርሽን ፔዳል ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ብዙ ናችሁ። በትንሽ ገንዘብ ደህና ፔዳል እንደሚገኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የፔዳሉ ሆድ ሲከፈት ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ የማጉያ ቺፕ ወይም ሁለት ሦስት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ዳዮዶች፣ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ማዞሪያ። ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከአሥርት ዓመታት በፊት የወጡ የታወቁ ንድፎች ቅጂ ናቸው። ዋጋውን የሚያንረው በአመዛኙ ሳጥኑ፣ የእግር ስዊቹ፣ ጃኩና ስሙ ነው። ገንዘብ የሚባክነው ካላችሁ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ ከሚያጎላው ሣጥን) ጋር የማይስማማ ፔዳል ስትገዙ ነው፤ ይህ ደግሞ በውዱም በርካሹም ይደርሳል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጊታራችሁ በመጨረሻ ድምፅ የሚያወጣው በምን እንደሆነ አስቡ። ዲስቶርሽን ማለት የጊታሩ ሲግናል ጫፍ ተቆርጦ በዋናው ድምፅ ላይ ብዙ ተጨማሪ ከፍተኛ ድምፆች ሲፈጠሩ ማለት ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን እየጣለ ስለሚሄድ ሸካራው ክፍል ይለዝባል። ፔዳሉን በቀጥታ ሚክሰር፣ የኪቦርድ አምፕ ወይም የኮምፒውተር ኦዲዮ ኢንተርፌስ ላይ ስትሰኩት ግን እነዚያ ስፒከሮች ሁሉንም ድምፅ ስለሚያሳልፉ የሚወጣው እንደ ንብ መንጋ የሚጮኽ፣ ጆሮ የሚበሳ ነገር ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ምክንያት ደህናውን ፔዳል «የማይረባ ነው» ብለው ይመልሳሉ። የጊታር አምፕ ከሌላችሁና በሄድፎን ወይም በሚክሰር የምትጫወቱ ከሆነ፣ ለብቻው ዲስቶርሽን ፔዳል ከመግዛት ይልቅ የካቢኔት ሲሙሌሽን (የጊታር አምፕ ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል ክፍል) ያለው ትንሽ መልቲ ኢፌክት፣ ማለትም ብዙ ኢፌክቶችን በአንድ የያዘ መሣሪያ ግዙ። በኮምፒውተር የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር ከፔዳሉ በኋላ አድርጉ።

የጊታር አምፕ ካላችሁ ቀጥሎ የሚጠየቀው ዓይነቱ ነው። አምፑ ባለ ቱቦ (ባለ መስታወት ቫልቭ) ከሆነና ድምፁ ከፍ ሲል ራሱ መሸካከር የሚጀምር ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ እሱን የሚገፋ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ለስለስ አድርጎ የሚያሸክር ፔዳል ነው። ጌይኑን (የሸካራነቱን መጠን) ዝቅ፣ ሌቭሉን (ከፔዳሉ የሚወጣውን ድምፅ ከፍታ) ከፍ አድርጋችሁ አምፑ ራሱ እንዲዘፍን ታደርጉታላችሁ። አምፓችሁ ባለ ትራንዚስተርና ንጹሕ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ አምፕ ከሆነ ግን መግፋቱ ብዙም ፋይዳ የለውም፤ ድምፁ ወይ ይጮኻል ወይ በመጥፎ ሁኔታ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው አምፕ ሸካራነቱን ሙሉ በሙሉ ራሱ የሚሠራ ዲስቶርሽን ይሻላል፤ አምፑን በንጹሑ ቻናል ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የአምፑን ጌይን ቻናልና ዲስቶርሽን ፔዳሉን ሁለቱንም ሞልቶ አንድ ላይ መክፈት ጩኸትና ጭቃ ያመጣል።

በኦቨርድራይቭ ወገን ብዙ የተቀዳው ንድፍ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ነው። በእሱ ውስጥ የሲግናሉን ጫፍ የሚቆርጡት ዳዮዶች ያሉት ቺፑ በሚያጎላበት ዙር ውስጥ ስለሆነ አቆራረጡ ለስለስ ያለ ነው። ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ባስ ደግሞ ያነሰ ስለሚጎላ መሃለኛው ድምፅ ወደ ፊት ይወጣል። ቤት ውስጥ ለብቻው ሲሰማ ቀጭንና በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ነው፤ ከባስና ከድራም ጋር ሲሆን ግን ጊታሩን ከመካከላቸው ጎትቶ የሚያወጣው ይኸው ባሕርዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የቦስ ኤስዲ-1 የዚሁ ቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ዳዮዶቹ በሁለቱ ወገን እኩል አለመሆናቸው ነው።

የዲስቶርሽን ወገን ዳዮዶቹን ከማጉያው በኋላ ወደ ግራውንድ ያገናኛቸዋል፤ ጫፉ በድንገት ስለሚቆረጥ ድምፁ ጠንከርና ሻከር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቦስ ዲኤስ-1 እና ፕሮኮ ራት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በዲኤስ-1 ላይ የቶን ማዞሪያው ከመሃል በላይ ሲዞር ቶሎ ጆሮ ይወጋል፤ ከመሃል በታች ጀምሩ። በራት ላይ ደግሞ «ፊልተር» የሚለው ማዞሪያ የተለመደውን አይከተልም፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ እየጨለመ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሱቅ ውስጥ እስከ መጨረሻ አዙሮ «የታፈነ ነው» ብሎ ይተወዋል።

በቅጂዎቹ መግለጫ ላይ የዳዮድ ዓይነት ተጽፎ ስታዩ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጀርማኒየም በ0.3 ቮልት ገደማ፣ ሲሊኮን በ0.6 ገደማ፣ ኤልኢዲ ደግሞ ከ1.5 ቮልት በላይ መቁረጥ ይጀምራሉ። ዘግይቶ የሚቆርጠው የበለጠ ይጮኻል፤ የእጃችሁን ክብደትና ቅለትም ይበልጥ ያሰማል። ቀድሞ የሚቆርጠው ድምፁ ዝቅ ያለና የታመቀ ነው። ሁለቱን የሚያቀያይር ትንሽ ስዊች ያለው ርካሽ ፔዳል ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ድምፁን እጅግ የሚያሸክረው ፈዝ፣ ከሁሉም ጥንታዊው ነው። ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962፣ ፈዝ ፌስ ደግሞ በ1966 ነው። ቢግ መፍ የሚባለው የኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ፈዝ መሃለኛውን ድምፅ በ1,000 ኸርዝ አካባቢ ይቀንሳል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ባንድ ውስጥ ግን ጊታሩ ሊጠፋ ይችላል። ለመጀመሪያና ለብቸኛ ፔዳል ፈዝን አልመክራችሁም፤ ባለ ሦስትና አራት ድምፅ ኮርድ ላይ ይጨማለቃል።

ልትሞክሩ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታር ያዙ፤ ከተቻለም ከእናንተ ጋር በሚመሳሰል አምፕ ሞክሩ። መጀመሪያ ፔዳሉን አጥፍታችሁ የንጹሑን ድምፅ ከፍታ ስሙ። ከዚያ አብሩትና የሌቭሉን ማዞሪያ ሁለቱ ከፍታዎች እስኪተካከሉ አስተካክሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጆሮ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ፣ ሳይተካከል የተደረገ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ጌይኑን መሃል አድርጋችሁ ሙሉ ኮርድ ምቱ፤ እያንዳንዱ ክር ይለያል ወይስ አንድ ላይ ይደፈናል? አንድ ኖታ ይዛችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ መጨረሻው ላይ እየተቆራረጠ የሚሞት ከሆነ የደከመ ባትሪ ወይም ደካማ ሰርኩት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 4 ወይም 5 ዝቅ አድርጉት። ጥሩ ፔዳል በዚህ ጊዜ ወደ ንጹሕ ድምፅ ይጠጋል። ይህን የሚያደርግ ርካሽ ፔዳል የሁለት ፔዳል ሥራ ይሠራላችኋል፤ እኔ ከማናቸውም መለኪያ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ።

ጩኸት ሲኖር ፔዳሉን ወዲያው አትውቀሱ። ጌይን ከፍ ሲል ጥቂት ሽሽ የሚል ድምፅ የማይቀር ነው። ጉምጉም የሚለውን ግን መመርመር ይቻላል። ጊታሩን ይዛችሁ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ዙሩ፤ ጉምጉምታው ከቀነሰና ከጨመረ ምንጩ ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ) ነው፤ ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ ይህን ያደርጋል። የጊታሩ ቮልዩም ዜሮ ሆኖም የማይለቅ ከሆነ አዳፕተሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። በባትሪ ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው።

የኃይሉ ጉዳይ ብዙ ፔዳል ገድሏል። የተለመደው 9 ቮልት ዲሲ፣ የ2.1 ሚሊሜትር መሰኪያ፣ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው። ፔዳሉ ላይ የተሳለውን ምልክት አንብቡ። አንዳንድ የጀርማኒየም ፈዞችና አሮጌ ፔዳሎች ይለያሉ። ቮልቱ ከተጻፈው አይለፍ፤ ሚሊ አምፒሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፤ ፔዳሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ተራ ዲስቶርሽን ከ20 ሚሊ አምፒር በታች ይበቃዋል፤ ዲጂታል ፔዳል ከ100 በላይ ሊፈልግ ይችላል። አንዱን አዳፕተር በቅርንጫፍ ገመድ ለዲጂታሉም ለዲስቶርሽኑም ስታካፍሉ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ለዲጂታሉ የራሱን አዳፕተር ስጡት። በባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ከኢንፑት ጃኩ ንቀሉ። በብዙ ፔዳሎች ባትሪውን የሚያበራው የእግር ስዊቹ ሳይሆን ኢንፑት ላይ የተሰካው ጃክ ነው፤ ተሰክቶ ከቆየ ባትሪው ሳትጫወቱበት እያለቀ ይሄዳል።

በርካሽ ፔዳል ቀድመው የሚበላሹት ስዊቹና ጃኮቹ ናቸው። ጃኩ በብሎን ከሳጥኑ ጋር የተጠበቀ መሆኑን እዩ፤ በሰርኩት ቦርዱ ላይ ብቻ የተበየደ ከሆነ ኬብሉ በተረገጠ ቁጥር ብየዳው ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ ሳጥን ቤት ውስጥ ለሚጫወት ችግር የለውም፤ መድረክ ላይ በጫማ ለሚረግጥ ግን ብረት ያስፈልጋል። ሚኒ ፔዳሎች ቦታ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ባትሪ አይቀበሉም፣ ክፍሎቻቸውም ጥቃቅን ስለሆኑ ለመጠገን ያስቸግራሉ። ያገለገለ የብረት ፔዳል ከአዲስ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት እንደሌለ እዩ፤ ማዞሪያዎቹን እያዞራችሁ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ስሙ፤ ኬብሉን ቀስ አድርጋችሁ ወዘወዙ፤ ስዊቹን አሥር ጊዜ ያህል ርገጡ። የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይድናል። በባትሪ የሚሠራና በአዳፕተር የማይሠራ ከሆነ ደግሞ የአዳፕተሩ መሰኪያ ሊሆን ይችላል። በተገላቢጦሽ አዳፕተር ተሰክቶ የሞተ ፔዳልም አንዳንዴ የተቃጠለው አንድ መከላከያ ዳዮድ ብቻ ነው፤ መበየድ የሚችል ሰው በጥቂት ደቂቃ ይቀይረዋል።

ሌላ ፔዳል ካላችሁ ዲስቶርሽኑ ድምፁን ከሚያስተጋቡት ከዲሌይና ከሪቨርብ በፊት ይሁን፤ ተገላብጦ ሲሰካ የማስተጋቢያው ድግግሞሽ ሁሉ ይቆራረጥና ይደበላለቃል። ዋዋ (በእግር ሲወዘወዝ «ዋ ዋ» የሚያሰኘው ፔዳል) ብዙ ጊዜ ከዲስቶርሽኑ ይቀድማል። የፈዝ ፌስ ዓይነት ፈዝ ደግሞ ከጊታሩ ቀጥሎ፣ በፈር (ሲግናሉን የሚያጠነክር ሰርኩት) ካለው ፔዳል በፊት ካልሆነ ይሻክራል።

ቤት ውስጥ ያገኛችሁትን ድምፅ ወደ ልምምድ ስትወስዱ ጌይኑን ከለመዳችሁት ዝቅ አድርጉ፤ አምፑ ከፍ ሲል ሸካራነቱ ይበልጥ ይሰማል፣ ኮርዱም ይደፈናል። ባሱን ለባስ ተጫዋቹ ተዉለት። የአምፑን መሃለኛ ድምፅ ደግሞ ብቻችሁን ስትሆኑ ከሚያምራችሁ ከፍ አድርጉ፤ ሶሎው ሲደርስ ጌይኑን ሳትነኩ ሌቭሉን ብቻ ጨምሩ።