ሲስተርን ጠይቁ፦ «ዶክተር» የተባለ ሁሉ የሕፃናት ሐኪም ነው ወይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አዘዞ የምኖር እናት ነኝ። ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ጎንደር ከመጣን ስምንት ወራችን ነው፤ እዚህ ይህ ነው የምንለው ዘመድ የለንም። የ14 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ወር ሳል ይዞት ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛው ሲል፣ ጎረቤቴ «ጎበዝ የሕፃናት ዶክተር አለ» ብላ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ደረቱን በማዳመጫ ሰማና የሦስት ቀን መርፌ አዘዘለት። ልጁ ተሽሎታል፣ ተመስገን። ስወጣ ግን ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ «ዶክተሩ የሕፃናት ስፔሻሊስት ናቸው አይደል?» ብላት «ምነው፣ አላመንሽም እንዴ?» ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴም «ሰውየውን ተዳፈርሽው» አለኝ። እውነት መጠየቄ ነውር ነው? ለወደፊቱስ የሕፃናት ሐኪም የት አገኛለሁ? መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

*የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዘዞ*

መልስ

ልጄ፣ ነውር አይደለም። ሥጋ ስትገዢ የየት ነው ብለሽ ትጠይቂ የለ? ልጅሽን የሚወጋ ሰው ምን እንደተማረ መጠየቅማ መብትሽ ነው፤ በሥራው የሚኮራ ሐኪምም በዚህ አይቀየምም። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚታዩበት ክፍል ነበርኩ። ጥሩ ጥሩ የሕፃናት ሐኪሞች እናት ስትጠይቃቸው ወንበር ስበው ሲያስረዱ ነው የማውቃቸው።

ነገሩ የተወሳሰበው «ዶክተር» በምትለው ቃል ነው። እኛ ጎንደሮች ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ነው። የሐኪሞች ትምህርት እዚህ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስንቱን ሕፃን ከሞት የመለሱት ጤና መኮንኖች ናቸው፤ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ «ዶክተሬ» የምትለው ሰው ጤና መኮንን ነበር። ቃሉ የአክብሮት ነው፤ የትምህርት ደረጃን ግን አይነግርሽም።

ደረጃው እንዲህ ነው። ጤና መኮንን በዲግሪ የተመረቀ ባለሙያ ነው። ጠቅላላ ሐኪም የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ በሆስፒታል በተለማማጅ ሐኪምነት (ኢንተርን ሆኖ) ሠርቶ የተመረቀ ዶክተር ነው፤ ልጅም አዋቂም ያያል። የሕፃናት ስፔሻሊስት የምንለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ልጆችን ብቻ እያከመ የተማረው ነው። ሦስቱን ዓመት በመማር ላይ ያለው ሬዚደንት ይባላል። ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ልጅሽን ቢያይ ምንም ጥፋት የለውም፤ የተራ ሳልና ተቅማጥ ከሆነ በደንብ ያክሙታል። ጥፋቱ ያልሆኑትን ነን ማለት፣ ወይም ሌላው ሲልላቸው ዝም ማለት ነው።

መሆኑን በምን ታውቂያለሽ ላልሽው፣ መጀመሪያ ግድግዳውን እዪ። ሁለት ወረቀት ትፈልጊያለሽ። አንዱ የክሊኒኩ ፈቃድ ነው፤ ቤቱ በምን ደረጃ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ይናገራል። ሁለተኛው የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ነው፤ ብዙ ሰው ላይሰንስ የሚለው ማለት ነው። ክሊኒኩ ፈቃድ ስላለው ውስጥ ያለው ሁሉ ስፔሻሊስት ነው ማለት አይደለም። በሙያ ፈቃዱ ላይ ከስሙ ጋር የተጻፈችውን የሙያ መስመር አንብቢ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ፎቶውን፣ ቁጥሩን፣ ማኅተሙንና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቺ። ፈቃድ እየታደሰ ነው የሚሠራበት። ቀኑ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጻፋል። በእኛ 2018 ከሆነ የፈረንጆቹ 2025 እና 2026 ነው፤ በፈረንጆቹ 2018 ከሆነ ግን ጊዜው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ወረቀቱን ካነበብሽ በኋላ ቀና ብለሽ የሰውየውን ፊት እዪ። ይህን የምልሽ እኔ ራሴ ስላልተናገርኩ ነው። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ትኩሳት ያዛትና በምሽት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የሕፃናት ስፔሻሊስት ይላል፤ ፎቶው ሸምገል ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ልጅቷን ያየልን ግን ሌላ ወጣት ነበር። አየሁት፤ ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። ሚዛኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ እያለ ሳይመዝናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ ጻፈላት። ቤት ስንገባ ጠርሙሱን መብራት ሥር ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት። ልጅቷ አሥር ኪሎ ናት። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው፤ ለእርሷ ከ100 እስከ 150 ማለት ነው። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ይላል፤ ስለዚህ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው 10 ነበር፣ በቀን አራት ጊዜ። በማግስቱ ተመልሼ ስጠይቅ ባለ ፎቶው ሰውዬ ከተማውን ከለቀቀ እንደቆየ ነገሩኝ። ላይሰንስ ማከራየት የሚባለው ይሄ ነው። ያን ዕለት ማታ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሒሳቡን መሥራት የማትችል አያት ብትሆንስ?

ስለዚህ ልጅሽን ሳይመዝን ሽሮፕ የሚጽፍ ሰው ካጋጠመሽ፣ ስፔሻሊስትም ቢሆን «መጀመሪያ ይመዘንልኝ» በዪ። አብዛኛው የልጅ መድኃኒት በኪሎ እንጂ በዕድሜ ግምት አይታዘዝም።

ሌላው የምትይዥው ማስረጃ የመድኃኒት ማዘዣው ነው። ከግርጌው የአዛዡ ስም፣ ሙያው፣ የምዝገባ ቁጥሩና ፊርማው የሚሞላበት ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ፋርማሲ ሰጥቶ ይሄዳል፤ አንቺ ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ስሙ ካልተነበበ ወይም የሙያው ቦታ ባዶ ከሆነ እዚያው መልሰሽ አስሞዪው። ጥርጣሬ ካለሽ ደግሞ ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ የክሊኒኩን ስምና ቁጥሩን ይዘሽ የከተማው ጤና መምሪያ ሄደሽ የጤና ተቋማት ቁጥጥር ክፍሉን ጠይቂ። የሙያ ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ ጤና ቢሮ ወይም ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ክሊኒኮቹን በቅርብ የሚቆጣጠሩት ግን እዚሁ ያሉት ናቸው።

ሰውየውን ፊት ለፊት ለመጠየቅ የምትፈሪ ከሆነ እንዲህ በዪው፦ «ዶክተር፣ ልጄን እርስዎ ጋ ማስከታተል ፈልጌ ነው፤ የሕፃናት ስፔሻሊስት ነዎት ወይስ ጠቅላላ ሐኪም? የት ነው የተማሩት?» እኔ ለብዙ እናቶች ይህን አስጠንቻለሁ። ደህናው ሐኪም ወዲያው ይመልስልሻል። ባለቤትሽንም አብሮሽ እንዲሄድ አድርጊው፤ ሲሰማ ድፍረት አለመሆኑን ያየዋል።

የት አገኛለሁ ላልሽው፣ ከአዘዞ ጤና ጣቢያ ጀምሪ። ክትባቱን የምታስጨርሺው እዚያው ነው፤ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለው፣ እንዳትረሺው፤ በነፃ ነው። የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ በሪፈር ወረቀት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ትላካላችሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚያዩሽ ኢንተርንና ሬዚደንት ናቸው፤ አትደንግጪ፣ ከበላያቸው ሲኒየር የሚባለው ስፔሻሊስት አለ። «ሲኒየሩ ያየዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሲኒየሮቹ መካከል ከሥራ ሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ የሚያዩም አሉ፤ በየትኛው ቀን እንደሚገቡ ደውለሽ ሳታረጋግጪ ልጅ አዝለሽ ባጃጅ አትሳፈሪ።

ስለ መርፌው፣ ልጁን ሳላየው አስፈልጎት ነበር ወይም አላስፈለገውም ልልሽ አልችልም። ግን የልጆች ሳል ብዙው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ለእሱ የአንቲባዮቲክ መርፌ አይሠራም። ሌላ ጊዜ ሲታዘዝ «በሽታው ምንድን ነው? ለምን መርፌ?» በዪ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ስፔሻሊስት እስኪገኝ ተብሎ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ልጁ ረጋ ሲል ልብሱን ገልጠሽ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል፤ በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ካደነዘዘው፣ ቀንም ሆነ ሌሊት የማንንም ላይሰንስ ሳታነቢ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጪ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ የሴት ልጄ ገላ ላይ ሽፍ ያለ ነገር ወጥቶባት ነበር። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስንልክለት መድኃኒት የሚያዝልን ዶክተር አለ። ብዙ ሰው ይከተለዋል። ይታመናል?

*አባት፣ ከማራኪ*

መልስ

ወንድሜ፣ ተከታይ ብዛት የሙያ ፈቃድ አይደለም። ሙሉ ስምህና የምዝገባ ቁጥርህ ስንት ነው ብለህ ጻፍለት፤ ካልመለሰ መድኃኒቱን አትግዛ። ቢመልስልህም ፎቶ ልጅቷን አይመዝናትም፣ ትኩሳቷን አይለካም፣ ሽፍታው ሲጫኑት መጥፋት አለመጥፋቱን አያሳይም። ማራኪ ጤና ጣቢያ ሰፈርህ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ይዘሃት ሂድ። እስካሁን የሰጠሃትን ቅባትም ሆነ ሽሮፕ ከነካርቶኑ ይዘህ ግባ፤ የሚያያት ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።