መድኃኒት በአይጥ ደም ውስጥ እንዴት ይለካል? ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ደሴ ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በፊት ዓመታት የፈጀሁት በላብራቶሪ አይጦች ደም ውስጥ መድኃኒት ስለካ ነው። እሑድ ፒያሳ ቡና ላይ «ገና በሙከራ ላይ ያለ የቫይረስ መድኃኒት እንስሳ ላይ ምኑ ነው የሚለካው?» ተባልኩና አቦሉ ሳያልቅ ጥያቄው በዛ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አይጧ መዳን አለመዳኗን ነው የምታዩት?

እሱ ሌላ ሙከራ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጤነኛ አይጥ ነው። መድኃኒቱን እንሰጣትና በ5 ደቂቃ፣ በግማሽ ሰዓት፣ በ2፣ በ8፣ በ24 ሰዓት ደም እንወስዳለን። ደሙ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ገለባ መልክ ያለው ፈሳሽ ፕላዝማ ነው፤ በውስጡ ያለውን መድኃኒት በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) እንለካለን። ነጥቦቹን በመስመር ስታገናኟቸው ጦሳን የመሰለ ተራራ ይወጣል። ቁልቁለቱ ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ያሳያል፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ደግሞ ሰውነት በጠቅላላ ያገኘውን።

ጥያቄ፦ (ከኮምቦልቻ) አንዲት አይጥ ያን ሁሉ ደም ከየት ታመጣለች?

አታመጣም! 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ጠቅላላ ደሟ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለየሰዓቱ ሌላ ሌላ አይጥ እንጠቀማለን፣ ወይም ከጭራዋ ጥቂት ጠብታ እንወስዳለን። አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ፦ ስልክ ላነሳ ወጥቼ ቲዩቦቹን በረዶ ላይ ማድረጉን ረሳሁት። የአይጥ ደም ኢንዛይሞች ከአይጧ ከወጡም በኋላ ሥራቸውን አያቆሙም፤ መድኃኒቱን እዚያው ቲዩቡ ውስጥ በሉት። ቁጥሩን ያየ ሰው «ሰውነቷ ቶሎ አስወገደው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የኔ ስልክ ነበር። የቀኑ ሥራ ተጣለ።

ጥያቄ፦ ደም ውስጥ ቶሎ ከጠፋ መድኃኒቱ አይረባም ማለት ነዋ?

አብሽሩ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሬምደሲቪር የተባለው የኮቪድ መድኃኒት በሪሰስ ጦጣ ደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ሴል ውስጥ ገብቶ ሥራ ወደሚሠራበት መልኩ ከተለወጠ በኋላ ግን ግማሹ እስኪቀንስ 14 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ቫይረሱ የሚባዛው ደግሞ ሴል ውስጥ ነው! ፕላዝማውን ብቻ ያየ ሰው መድኃኒቱን ገና በጠዋቱ ይጥለው ነበር። አይጥ ላይማ ጉዱ ይብሳል፤ ፕላዝማዋ ውስጥ ያለ አንድ ኢስቴሬዝ ወዲያው ስለሚሰባብረው ተመራማሪዎች ያ ኢንዛይም የሌላቸውን አይጦች ለመጠቀም ተገደዋል።

ጥያቄ፦ በአፍ ሲሰጥስ?

ያንኑ መድኃኒት በደም ሥርም በአፍም ሰጥቶ ሁለቱን ተራራዎች ማነጻጸር ነው፤ ከተዋጠው ምን ያህሉ ደም ውስጥ እንደደረሰ በዚያ ይታወቃል። ቴኖፎቪር እንዳለ ቢዋጥ አንጀት በደንብ አያሳልፈውም፤ የኤችአይቪ ታካሚዎቻችን የሚውጡት እንዲያልፍ ተደርጎ የተለወጠውን ነው።

ጥያቄ፦ የአይጧን ዶዝ በሰው ኪሎ ማባዛት አይበቃም?

በጭራሽ። ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ቶሎ ያስወግዳል። ለመነሻ ግምት ለአይጧ በኪሎ የተሰጠው ሚሊ ግራም ለ12 ገደማ ይካፈላል፤ 100 የነበረው ወደ 8 ይወርዳል። እሱም ግምት ነው፣ ማዘዣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዳማከሴስ እንዲህ ይለካል?

ይለካል፣ ግን የቱ ውህድ? ቅጠሉ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ። መጀመሪያ ሥራውን የሚሠራው ተለይቶ ይምጣልኝ፤ አይጦቹን እኔ አዘጋጃለሁ።